ገጹን የሚያዘገየው ቴምፕሌቱ ነውን?



ባለፈው ሴሚስተር በፈተና ሰሞን የጀመዓችንን የመጽሐፍ ማዋሻ ገጽ ለመክፈት የሞከራችሁ አትረሱትም። ከመግሪብ ሰላት በኋላ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ «ያ የካልኩለስ መጽሐፍ ተመልሶ ይሆን?» ብሎ ሲገባ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ምንም የለም። ቆይቶ ሰው ገጹን ተወና በቴሌግራም መጠየቅ ጀመረ። የማዋሻው ኃላፊ የሆነችው እህታችንም የራሷን ፈተና ትታ ቀኑን ሙሉ መልእክት ስትመልስ ትውል ነበር።

አሚራችን ጠርቶኝ «አኺ፣ ሰርቨሩን ከፍ ወዳለው እንቀይረውና እንገላገል፤ ስንት ይጨምራል?» አለኝ። ጠይቄ ስመጣ ኪራዩ እጥፍ ይሆናል። የሰርቨሩ ኪራይ ደግሞ ከተማሪ ኪስ በሚዋጣ ገንዘብ የሚከፈል ነው። ምክንያቱን ሳላውቅ እጥፍ አስከፍላችሁ ገጹ ያው ቢሆንስ? አንድ ሳምንት እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

በዚያ ሳምንትና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። ገጹ የተሠራው በጃንጎ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከጃንጎ ናቸው፤ በፒኤችፒ የምትሠሩም ብትሆኑ በሽታው ተመሳሳይ ነው። ሁለት ስሕተት ሠርቻለሁ፣ ሁለቱንም እናገራለሁ። አንደኛው ጊዜዬን ብቻ ነው የበላው። ሁለተኛው ግን የሰው ገመና ነክቷል።

ቴምፕሌት ምን ይሠራል?

ለአዲሶቹ ባጭሩ ልንገራችሁ። የሠርግ ጥሪ ካርድ አስቡ። ካርዱ ማተሚያ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታተማል፤ ለተጋባዡ ስም ግን ነጠብጣብ ቦታ ይተዋል፣ ስሙ በኋላ በእጅ ይሞላል። ቴምፕሌት ያ ካርድ ነው። ኤችቲኤምኤሉ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ከሰው ሰው፣ ከቀን ቀን የሚለዋወጠው ቦታ ክፍት ነው። አንድ ተማሪ ገጹን ሲጠይቅ ሰርቨሩ ክፍት ቦታዎቹን ከዳታቤዝ ባመጣው መረጃ ሞልቶ የተጠናቀቀውን ገጽ ይልክለታል። ብሮውዘሩ የሚያየው የተሞላውን ካርድ ብቻ ነው።

ጃንጎ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ፣ በካንሳስ ግዛት ሎውረንስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የጋዜጣ ድርጅት የድረ ገጽ ክፍል ነው፤ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የቴምፕሌት ቋንቋው ሆን ተብሎ አቅሙ የተወሰነ ነው። ፕሮግራም የማይጽፍ የገጽ ንድፍ ባለሙያም ሳይፈራ እንዲነካው ስለተፈለገ፣ አብዛኛው ነገር በነጥብ ይጻፋል፦ መጽሐፍ፣ ነጥብ፣ ደራሲ፣ ነጥብ፣ ስም። በጣም ቀላል ነው። ይህችን ነጥብ አስታውሷት፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የቴምፕሌቱ ፋይል ከዲስክ ይነበባል። ከዚያ ጽሑፉ ተቆራርጦ ኖድ በሚባሉ ቁርጥራጮች ይደራጃል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ኖድ ከመረጃው ጋር ተገናኝቶ ኤችቲኤምኤል ይሆናል፤ ይህ ሬንደር የሚባለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለእያንዳንዱ ጎብኚ መደገም የለባቸውም። አንዴ የተደራጀውን ቴምፕሌት በማስታወሻ የሚይዝ «ካሽድ ሎደር» የሚባል ክፍል አለ፤ ከጃንጎ 1.11 ወዲህ ዲበግ ከተዘጋ በራሱ ይሠራል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ በቅንብር ፋይላችሁ ውስጥ የሎደሮቹን ዝርዝር በእጃችሁ ከጻፋችሁ በራሱ አይሠራም፣ ካሽድ ሎደሩንም እናንተው መጻፍ ይኖርባችኋል። የእኛ ፋይል ከሆነ የድሮ ትምህርት የተቀዳ ዝርዝር ነበረበት። ሰረዝኩት። ትንሽ ረዳ፣ ችግሩ ግን እርሱ አልነበረም።

ዲበግን ካነሳን አይቀር፣ ተማሪዎች የሚሠሯቸውን ገጾች ሳይ ብዙዎቹ ዲበግ እንደበራ ነው ለሰው የሚከፈቱት። ዲበግ ሲበራ ጃንጎ የሚያደርገውን ኩዌሪ ሁሉ ለምርመራ ይመዘግባል፤ ስሕተት ሲፈጠር ደግሞ የኮዳችሁን ውስጥ ለማንም ያሳያል። እባካችሁ ዝጉት።

ሦስት ሌሊት

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተቴ ልምጣ። ገጹ ለአንድ ሰው ብቻውን ሲከፈት 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅ ነበር። 2 ሰከንድ ብዙ አይመስልም። ግን ሰርቨራችን በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ ሁለት ፕሮሰስ ነው ያለው። ከመግሪብ በኋላ 30 ሰው አብሮ ሲገባ ሁለት ሁለት እየሆኑ 15 ዙር ይሆናል፤ 15 ዙር በ2 ሰከንድ ሲባዛ የመጨረሻው ሰው 30 ሰከንድ ይጠብቃል ማለት ነው። ደግሞ ማንም ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ አምስተኛው ሰከንድ ላይ ሪፍሬሽ ይጫናል፣ ይህም ሰልፉ ላይ አዲስ ሰው ጨመረ ማለት ነው። የካፌውን የእራት ሰልፍ የምታውቁ ይህን ማስረዳት አያሻኝም።

ጊዜው የት እንደሚሄድ ለማየት ሦስት ቦታ ሰዓት አስመዘገብኩ፦ ቪው የሚባለው የፓይተን ኮድ ሲጀምር፣ ሬንደር ሊጀምር ሲል፣ ሬንደር ሲያልቅ። ውጤቱ ግልጽ መሰለኝ። ከ2 ሰከንዱ 1.9ኙን የበላው ሬንደር ነው። «በቃ፣ የጃንጎ ቴምፕሌት ቀርፋፋ ነው» አልኩ። ጂንጃ 2 የሚባል ሌላ የቴምፕሌት ሞተር እንዳለ አውቅ ነበር፤ አርሚን ሮናኸር የሚባል ኦስትሪያዊ የጻፈው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጃንጎም ከ1.8 ጀምሮ በይፋ የሚቀበለው ነው። ጂንጃ ቴምፕሌቱን ወደ ፓይተን ኮድ ስለሚቀይረው ሬንደር ሲያደርግ ይፈጥናል። ይህ እውነት ነው። ከዒሻ በኋላ ላፕቶፔን ይዤ ተቀመጥኩና ገጾቻችንን በሙሉ በጂንጃ እንደገና ጻፍኳቸው። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።

አራተኛው ቀን ለካሁት፤ 1.85 ሰከንድ። የዶርም ጓደኛዬን «ሞክረው እስቲ» ብዬ ስልኬን ሰጠሁት። ከፈተው፣ ጠበቀ፣ ቀና ብሎ አየኝና «ምኑ ነው የተቀየረው?» አለኝ።

ያሳሳተኝ ነገር እንዲህ ነው። ጃንጎ ውስጥ በቪው ላይ «መጽሐፎቹን ሁሉ አምጣ» ብላችሁ ስትጽፉ ዳታቤዙ ገና አልተጠየቀም። ጃንጎ ሰነፍ ነው፤ በእውነት ቃሉም ይኸው ነው፣ ሌዚ ይሉታል። መረጃው በትክክል እስኪፈለግ ድረስ ይጠብቃል። የሚፈለገው መቼ ነው? ቴምፕሌቱ ውስጥ ሉፑ ሲጀምር! ስለዚህ የዳታቤዙ ሥራ ሁሉ የሚሠራው በሬንደር ሰዓት ነው፤ ሰዓቱም በቴምፕሌቱ ላይ ይቆጠራል። ቴምፕሌቱ ተከሳሽ ሆኖ የቀረበው ሌላው ሰው በእርሱ ቤት ገብቶ ስለሠራ ነው።

ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ሕግ በኮምፒውተር አርክቴክቸር ኮርስ ተምረነዋል፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ፤ ሲያስፈልገኝ ግን ትዝ አላለኝም። ከጠቅላላው ጊዜ ትንሹን ድርሻ ብቻ ካፈጠናችሁ፣ ምንም ያህል ብታፈጥኑት ጠቅላላው ከቀሪው በታች አይወርድም። የእኛ ገጽ እውነተኛ የሬንደር ሥራ 0.3 ሰከንድ ነበር። ጂንጃ ግማሽ አደረገልኝ፤ 0.15 አተረፍኩ። ወደ ዜሮ ቢያወርደው እንኳ 1.7 ሰከንድ ይቀር ነበር።

403

«ዲበግ ቱልባር» የሚባል ለጃንጎ የተሠራ ነጻ መሣሪያ አለ። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ጫኑት፣ ገጹን ክፈቱ፤ በጎን በኩል ይህ ገጽ ለመከፈት ስንት ኩዌሪ ለዳታቤዙ እንደላከ ይቆጥርላችኋል። ሦስቱን ሌሊት ሳላባክን በፊት ይህን ላደርገው ይገባ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የእኛ ገጽ 403 ኩዌሪ ይልካል።

ሒሳቡን እንየው። ማዋሻችን 200 መጽሐፍ አለው። አንድ ኩዌሪ ዝርዝሩን ያመጣል። ከዚያ ሉፑ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ «ደራሲ፣ ነጥብ፣ ስም» ሲል የደራሲው መረጃ በሌላ ሠንጠረዥ ስለሆነ ጃንጎ ሄዶ ይጠይቃል፤ 200 ጊዜ። ከስሙ አጠገብ «ወረፋ የያዙ» የሚል ቁጥር አለ፤ እርሱንም ለማወቅ 200 ጊዜ። አንዱ ለሴሽን፣ አንዱ ለተጠቃሚው ማንነት። 403። ዳታቤዛችን በሌላ ማሽን ላይ ስለሆነ አንዱ ምልልስ 4 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ 403 ጊዜ 4፣ 1.6 ሰከንድ። የጠፋው ጊዜ ተገኘ።

ነጥቧን አስታውሷት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ጃንጎ ነጥብ ሲያይ በመዝገበ ቃላት ቁልፍነት ይሞክራል፣ በንብረትነት ይሞክራል፣ በዝርዝር ቁጥርነት ይሞክራል፣ ያገኘው ነገር ፈንክሽን ከሆነም ይጠራዋል። ቴምፕሌቱን ለሚያነብ ሰው ግን ሁሉም ነጥብ አንድ ይመስላል። አንዱ ነጥብ ማስታወሻ ውስጥ ያለ ቃል ነው፣ ሌላው ነጥብ ወደ ሌላ ማሽን የሚደረግ ጉዞ ነው፤ በዓይን አይለዩም።

ይህ በባለሙያዎች ዘንድ «ኤን ፕላስ ዋን» የሚባለው ችግር ነው፤ አንድ ኩዌሪ ለዝርዝሩ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ። ቤታችን ውስጥ ያደግንበት ነገር ነው። እናት ልጇን ሱቅ ትልካለች፣ ሽንኩርት ይዞ ሲመጣ «ውይ፣ ጨውም የለም ለካ» ትላለች፤ ጨው ይዞ ሲመጣ ዘይት። ባለ ሱቁ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን መንገዱ መንገድ ነው። ዳታቤዝ ቀርፋፋ ሆኖ አይደለም፤ ልጁን 403 ጊዜ ስለላክነው ነው።

መፍትሔው ዝርዝሩን ጽፎ አንዴ መላክ ነው። ጃንጎ ለዚህ ሦስት መንገድ አለው፤ እኛ ሁለቱን ተጠቀምን። መጽሐፉ አንድ ደራሲ ብቻ ስለሚይዝ «ሰሌክት ሪሌትድ» የሚለውን ቪው ላይ ጨመርኩ፤ ዳታቤዙ ሁለቱን ሠንጠረዦች በጆይን አጣምሮ መጽሐፉንና ደራሲውን በአንድ ምላሽ ይልካል። ለወረፋው ቁጥር «አኖቴት» ከ«ካውንት» ጋር ተጠቀምኩ፤ ቆጠራውን ዳታቤዙ ራሱ ሠርቶ በዚያው ምላሽ ላይ ይጨምረዋል። ሁለት መስመር ኮድ ነው። 403 የነበረው 3 ሆነ።

ሦስተኛው መንገድ «ፕሪፌች ሪሌትድ» ነው። ቁጥሩን ሳይሆን ወረፋ የያዙትን ሰዎች ዝርዝር ለማሳየት ብንፈልግ እርሱን እንጠቀም ነበር፤ የሁሉንም መጽሐፍ ወረፋ በአንድ ተጨማሪ ኩዌሪ አምጥቶ በፓይተን በኩል ለየባለቤቱ ያድላል። እርሱን ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ፦ ፕሪፌች ካደረጋችሁት ዝርዝር ላይ በሉፑ ውስጥ ደግማችሁ ፊልተር ካደረጋችሁ፣ የመጣው መረጃ እንዳለ ተቀምጦ ጃንጎ አዲስ ኩዌሪ ይልካል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ «ፕሪፌች አድርጌ ለምን አልፈጠነም?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ይህ ነው።

ሌላ ስውር ድግግሞሽም አለ። ቴምፕሌት ውስጥ «የደራሲው መጻሕፍት ካሉ» ብላችሁ በኢፍ ትጠይቃላችሁ፣ ከሥሩ «ለእያንዳንዱ የደራሲው መጽሐፍ» ብላችሁ ትዞራላችሁ። ሁለት ቦታ «ኦል» ስለጠራችሁ ሁለት ኩዌሪ ነው፤ አንዱ መኖሩን ለማየት፣ አንዱ ለማሳየት። «ዊዝ» በሚለው ታግ አንዴ ስም ሰጥታችሁ ያንኑ ስም ሁለቱም ቦታ ተጠቀሙ። እንዲሁም ቁጥሩን ብቻ ከፈለጋችሁ፣ ዝርዝሩን ሌላ ቦታ የማታሳዩት ከሆነ፣ «ሌንግዝ» የሚለውን ፊልተር ተዉትና «ካውንት» በሉ፤ ሌንግዝ ለመቁጠር ብሎ ሁሉንም ጭኖ ያመጣል።

በእኔ እምነት ቴምፕሌት ምንም መጠየቅ የለበትም። የሚያስፈልገው ሁሉ ቪው ላይ ተዘጋጅቶ ይሰጠው። መድረሳ ሳለን ሉሑን ሳያዘጋጅ ተራ የያዘ ልጅ ኡስታዙ ፊት ቀርቦ «ቀለሜን ረሳሁ» ሲል ከኋላው ያለነው ሁላችን እንቆም ነበር። እኔም ያ ልጅ የሆንኩበት ቀን አለ፤ ስለዚህ አልፈርድበትም።

ኩዌሪዎቹ ከቀነሱ በኋላ ደግሜ ለካሁ። አሁን ትልቁ ድርሻ የሬንደሩ 0.3 ሰከንድ ሆኗል፤ ቴምፕሌቱን ማየት የሚገባኝ አሁን ነበር። (ጂንጃውን ወደ ነበረበት መልሼው ነበር፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ልጅ ሁለት የቴምፕሌት ቋንቋ ከሚማር አንድ ይበቃዋል ብዬ።) ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሉፑ ውስጥ ሌላ ቴምፕሌት በኢንክሉድ እየጠራን ነበር፤ ስድስት መስመር ስለሆነ እዚያው ጻፍኩት። ከዚህ ሁሉ የበለጠ የረዳው ግን 200ውን መጽሐፍ በአንድ ገጽ አለማሳየት ነው። ስልክ ላይ 200 መስመር የሚያነብ የለም። በገጽ 40 አደረግኩት። ይህ ገጾቹን ለመቁጠር አንድ ኩዌሪ ይጨምራል፣ 4 ሆነ፤ ሬንደሩ ግን ወደ 0.06 ወረደ። በጠቅላላው ገጹ 0.2 ሰከንድ ገደማ ላይ ቆመ። 30 ሰው አብሮ ቢገባ የመጨረሻው 3 ሰከንድ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ያው የድሮው ነው። አልሐምዱሊላህ።

ካሽና አማና

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

ገጹ ከፈጠነ በኋላ በጎን በኩል «የእኔ ጉዳዮች» የሚል ሳጥን ጨመርን። የገባው ተማሪ የተዋሳቸውን መጻሕፍትና ለመረዳጃ ክፍላችን ያስገባው ማመልከቻ ካለ የደረሰበትን ያሳያል። ለዚህ አንድ ኩዌሪ ይበቃል፤ 4 ሚሊሰከንድ። እኔ ግን ማፍጠን ጣፍጦኝ ነበርና ካሽ አደረግኩት።

ካሽ ማለት አንዴ የተሠራውን ሥራ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ሰው እንዳለ መስጠት ነው። በጃንጎ ቴምፕሌት ውስጥ አንድን ቁራጭ ብቻ ካሽ የሚያደርግ ታግ አለ። መጀመሪያ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ትነግሩታላችሁ፣ ቀጥሎ ለቁራጩ ስም ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ይዘቱ በምን በምን እንደሚለያይ ትዘረዝራላችሁ። ይህ ሦስተኛው ግዴታ አይደለም፤ ብትተዉት ስሕተት አይልም። እኔ 600 ሰከንድ ብዬ ጻፍኩ፣ «ጎን» ብዬ ስም ሰጠሁት፣ ሦስተኛውን ተውኩት። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ሳጥኑን መጀመሪያ የከፈተው ሰው ጉዳይ ለአሥር ደቂቃ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ይታያል።

ሞክሬዋለሁ። በራሴ ስም ገብቼ፣ ብቻዬን፣ በራሴ ላፕቶፕ። የታየኝ የራሴ ነበር፣ ሌላ ማን ይታየኛል?

በማግሥቱ ከዙህር በኋላ አንድ ወንድም ስልኩን ዘርግቶ መጣ። «ይሄ የእኔ አይደለም» አለኝ። ሳጥኑ ላይ የሌላ ተማሪ ስም አለ፤ ሁለት መጽሐፍ ተውሷል፤ ከሥሩ «ወደ ቤተሰብ መሄጃ የትራንስፖርት ድጋፍ ማመልከቻ፦ በመታየት ላይ» ይላል። ደግሜ ስከፍተው ሌላ ሦስተኛ ሰው አሳየኝ። እንደገና ስከፍት የመጀመሪያው ተመለሰ። ግራ የገባኝ ይህ ነበር፤ በኋላ ነው የገባኝ። ሌላ ካልመረጣችሁ ጃንጎ የሚጠቀመው ካሽ በእያንዳንዱ ፕሮሰስ ማስታወሻ ውስጥ ለብቻው የሚቀመጥ ነው። ሁለት ፕሮሰስ ስላለን ሁለት የተለያየ ካሽ ነበረን፤ ጥያቄያችሁ በደረሰበት ፕሮሰስ ልክ አንዴ የአንዱ፣ አንዴ የሌላው ገመና ይታያል።

ሳጥኑን ወዲያው አነሳሁት፣ ለአሚሩ ነገርኩት። ከዚያ ስሙ የታየውን ልጅ ፈልጌ ዶርሙ ድረስ ሄድኩ። ምን እንደሆነ ነግሬው ዐፍው ጠየቅሁት። «አብሽር» አለኝ፣ ሻይም አቀረበልኝ። ማመልከቻውን ግን በማግሥቱ አወጣው፤ ለቤት መሄጃ የሚሆነውን ከየት እንዳገኘ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከመረዳጃው ምንም አልጠየቀም።

ከ4 ሚሊሰከንድ ጋር የለወጥኩት ይህን ነው።

አሁን የምከተለውን ልንገራችሁ። ካሽ የማደርገው ለሁሉም ሰው አንድ የሆነውን ብቻ ነው፦ የላይኛው ሜኑ፣ የመጽሐፍ ዘርፎች ዝርዝር፣ የሳምንቱ የደርስ መርሐ ግብር። መርሐ ግብሩ ሲቀየር ካሹ እንዲሰረዝ ከማስቀመጫው ኮድ ጋር አስሬዋለሁ፤ አለዚያ ደርሱ ወደ ሐሙስ ተዛውሮ ገጹ ረቡዕ እያለ ሰው ይሰበሰባል። የሰው ስም ያለበትን ቁራጭ ካሽ አላደርግም፤ የግድ ከሆነ የተጠቃሚው መለያ በሦስተኛው ቦታ ይገባል። ማንኛውንም ካሽ ከመልቀቄ በፊት በሁለት ብሮውዘር፣ በሁለት የተለያየ ስም ገብቼ ጎን ለጎን እከፍታለሁ። በምትኖሩበት የሥራ ዓለም የባንክ ወይም የሆስፒታል ገጽ ይሰጣችሁ ይሆናል፤ እዚያ «አብሽር» የሚላችሁ አይኖርም።

ቀሪውን ቶሎ ልለፈው። ኤችቲኤምኤል ጽሑፍ ስለሆነ በጂዚፕ ሲታመቅ በጣም ያንሳል፤ ኤንጂንኤክስ የምትጠቀሙ ከሆነ እዚያው ላይ ክፈቱት፣ በሞባይል ፓኬጅ የሚገባው ወንድማችሁ ይጠቀማል። በላራቬል የምትሠሩ፦ ብሌድ ቴምፕሌታችሁን አስቀድሞ ወደ ተራ ፒኤችፒ ቀይሮ ያስቀምጣል፣ ከፒኤችፒ 5.5 (2013 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ኦፒካሽም የተዘጋጀውን ኮድ በማስታወሻ ይይዘዋል። ስለዚህ የእናንተም ቴምፕሌት ተጠርጣሪ እንጂ ጥፋተኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ኤን ፕላስ ዋን ግን እናንተም ጋ አለ፤ መድኃኒቱ «ዊዝ» የሚለው ነው፤ የጃንጎው «ዊዝ» ታግ ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አንድ አይደለም። ሳታውቁት ከሉፕ ውስጥ ዳታቤዝ እንዳይጠየቅ የሚከለክል ቅንብርም አላችሁ፤ በልምምድ ጊዜ አብሩት።

የመጨረሻው ነገር የኩዌሪውን ቁጥር በቴስት ማሰር ነው። ጃንጎ «አሰርት ነም ኩዌሪስ» የሚባል መፈተሻ አለው። የማዋሻው ገጽ ሳጥኑን ጨምሮ (ያለ ካሽ ተመልሷል) 5 ኩዌሪ ነው የሚልከው፤ 5 ብዬ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሁለተኛ ዓመት የሆነ ወንድማችን በየመጽሐፉ ሥር የሚገኝበትን መደርደሪያ ስም ለማሳየት ቴምፕሌቱ ላይ አንድ መስመር ጨመረ። መደርደሪያ፣ ነጥብ፣ ስም። እርሱ ላፕቶፕ ላይ ዳታቤዙ እዚያው ስለሆነ ምንም መዘግየት አልታየውም። ቴስቱ ግን ቀይ ሆነ፦ የተጠበቀው 5፣ የተላከው 45። ደወለልኝ፣ ሰሌክት ሪሌትዱ ላይ መደርደሪያን እንዲጨምር ነገርኩት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ኮዱን ማየት የምትፈልጉ፣ ወይም የራሳችሁን ፕሮጀክት ገጽ ኩዌሪ መቁጠር የምትሹ፣ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ወደ ማዋሻው ክፍል ኑ፤ ለእህቶች የማዋሻው ኃላፊ እህታችን በተመሳሳይ ሰዓት ታሳያለች። ዲበግ ቱልባርን አስቀድማችሁ ጭናችሁ ኑ፤ እዚያ ያለው ዋይፋይ ለሁላችንም አይበቃም።